ዳሎል ድረስ የተጓዘው ደብዳቤ

ምሥራቅ ባፈና በአንዲት ፎቶግራፍ መቅናት ከጀመረች ዓመት ከመንፈቅ ሊሆናት ነው። ሰው በሰው ቢቀና ያለ ነው። እሷ ግን ፎቶግራፉ ላይ ባለችው ልጅ ብቻ አልበቃትም፤ ልጅቷ በቆመችበት ቢጫ መሬት፣ ከኋላዋ በተገተረው የጨው ቁልል፣ በደፋችው የሣር ባርኔጣ ሳይቀር ትቀናለች። ባርኔጣው የፍቅረኛዋ የልዑልቃል ነበር። ከሁሉ በላይ ግን በሳቋ ትቀናለች። ልጅቷ አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ ነው የምትስቀው።

ፎቶግራፉን ያገኘችው ሳትፈልግ ነው። ልዑልቃል ከኮምቦልቻ ተመድቦ ቦንጋ የመጣ የገጠር መንገድ መሐንዲስ ነው፤ እሷ እዚያው መሥሪያ ቤት በመዝገብ ቤት ትሠራለች። መዋደዳቸውን ገና ለሰው ባልተናገሩበት ጊዜ መጽሐፍ አውሷት፣ ገጹ መሐል ተሸጉጦ አገኘችው። ጀርባው ላይ «ዳሎል፣ የካቲት 1994» ይላል።

«ማን ናት?» አለችው እንደ ዘበት።

«ሠናይት ትባላለች። ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን።»

ከዚህ ሌላ አልተናገረም። ስለ ዳሎል ግን አፉን ከከፈተ አይዘጋውም። ስለ ጨው ሜዳው፣ ከመሬት ስለሚፈላው ውሃ፣ ዛፍ የሚባል ነገር ስለሌለበት አገር ሲያወራ ሻዩ ይቀዘቅዛል። ምሥራቅን ያቃጠላት ይኸው ነው። ስለ ልጅቷ አንድ ቃል፣ ስለ መሬቱ አንድ ሰዓት! ሰው ስለ ቦታ ይህን ያህል የሚለፈልፈው እዚያ ስላጣው ሰው መናገር ሲያቅተው ነው ብላ ደመደመች። ቅናት አንዴ ከፈረደ ደግሞ ይግባኝ አይሰማም። ፎቶግራፉን መጽሐፉ ውስጥ መለሰችው፤ መጽሐፉን ግን ሳትመልስ ቀረች።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ደግ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን የፖስታ ሣጥን ቁልፍ የምትይዘው ምሥራቅ ናት። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ ደብዳቤ የሚመጣለት በዚያ ሣጥን ቁጥር ነው። ሰኞና ሐሙስ ፖስታ ቤት ትወርዳለች፤ የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ላይ ታሰፍራለች፤ የግለሰቡን በየጠረጴዛው ትሰጣለች። ስድስት ዓመት ሙሉ ከእጇ አንድ ፖስታ ጠፍቶ አያውቅም። ቁልፉን በጥቁር ክር አንገቷ ላይ አስራ ስለምትዞር የቢሮ ሰዎች «የምሥራቅ ማተብ» እያሉ ይቀልዱባት ነበር።

በኅዳር 1998 አንድ ሐሙስ፣ ከመቀሌ የተላከ ነጭ ፖስታ ከሣጥኑ ወጣ። «ለአቶ ልዑልቃል ሀብተሥላሴ» ይላል። ከታች በኩል የላኪዋ ስም ሠናይት።

ምሥራቅ ፖስታውን የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ነገ እሰጠዋለሁ አለች። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱም ወር ሆነ። አልከፈተችውም፣ አልቀደደችውም፣ አልሰጠችውምም። የተወሸቀበትን ኪስ በቀን ሦስት ጊዜ እየዳሰሰች፣ እንዳለ ስታገኘው ትናደዳለች። ልዑልቃል በፈገግታ ወደ መዝገብ ቤት ብቅ ብሎ «ለእኔ ምንም የለም?» ሲላት፣ «ማን ይጽፍልሃል ብለህ ነው?» ትለዋለች። በዚህ ይስቃል። ሳቁ ደግሞ ይባስ ያሳምማታል።

ገና ካለፈ በኋላ ልዑልቃል ሽማግሌ ሊልክ እንደሆነ ነገራት። ቀኑም ተቆረጠ፤ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በቅበላው እሑድ።

«ከዚያ በፊት ግን እናቴ ትይሽ» አላት። «ወንድሜ ላንድክሩዘሩን ያውሰኛል። የዓመት ፈቃዳችንን እንውሰድና ከኮምቦልቻ ወዲያ ዳሎል ድረስ እንዝለቅ። አንቺ ከተወለድሽ ዛፍ የሌለበት መሬት አላየሽም። ሾፌር አያስፈልገንም፤ ራሴ እነዳለሁ።»

«እዚያ ምን ረስተህ መጣህ?» ልትለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ መለሰችው። ያቺ የሳቀችበትን መሬት በእግሯ ረግጣ ማየት ፈልጋለች። ደብዳቤውንም እዚያው ጨው ውስጥ እቀብረዋለሁ ብላ በሆዷ ወሰነች። ይህን ያህል መንገድ ለአንድ ፖስታ ቀብር መሄድ እብደት መሆኑን የሚነግራት አልነበረም፤ ለማንም አልተናገረችምና።

አባቷ ጋሽ ባፈና ጉዳዩን ሲሰሙ፣ «ሽማግሌ ያልረገጠው ቤት ልጅ ከወንድ ጋር ሁለት ሳምንት? እኅቴ አብራ ትሄዳለች» አሉ። እኅትየው እትዬ አልጣሽ ናቸው፤ በቦንጋ ገበያ ማር እየነገዱ ያረጁ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት። በጉዞው ዕለት ጃንጥላ፣ ቦቲ ጫማ፣ ወፍራም ብርድ ልብስና አንድ ጣሳ ነጭ ማር ይዘው ከተፍ አሉ።

«እትዬ፣ የምንሄደው እኮ ዝናብ የማያውቅ አገር ነው» አላቸው ልዑልቃል።

«ዝናብ የማያውቀው አገር የለም። አንተ ስላልነበርክ ነው» አሉና ቦቲያቸውን ከመቀመጫው ሥር ገፉት።

መንገዱ ለምሥራቅ የስቃይ ነበር። ልዑልቃል መኪና ባቆመበት ሁሉ ያቺም እዚህ ወርዳ ይሆን? ትላለች። ምግብ ሲያዝ፣ ሳይጠየቅ የቤቱን ምርጥ ምግብ ማወቁ ያንገበግባታል። ኮምቦልቻ እናቱ አቅፈው ሲስሟት እንኳ፣ ያቺንም እንዲህ አቅፈዋት ይሆናል ብላ ልቧ ሙሉ በሙሉ ሳይሞቅ ወጣች። መቀሌ ሲደርሱ ቦርሳዋን እቅፏ ውስጥ አጥብቃ ያዘች። በመንገዱ የምታልፈውን ረጅም ሴት ሁሉ ከእግር እስከ ራሷ ትመረምር ጀመር።

«አንገትሽ ይሰበራል» አሏት እትዬ አልጣሽ። «ምን ጠፍቶብሽ ነው?»

«ከተማውን እያየሁ ነው።»

«ከተማው ቀሚስ ለብሷል እንዴ?»

አፋር ምድር በርሃሌ ላይ ደግሞ የባሰው መጣ። የጉዞ ፈቃድ አውጥተው፣ ሁመድ የተባለ የአካባቢውን መንገድ መሪ ይዘው ሻይ ሊጠጡ አንዲት ዳስ ሲገቡ፣ ባለቤትየዋ ልዑልቃልን ትክ ብላ አየችውና እጇን አጨበጨበች።

«ባለ ባርኔጣው! አንተ አይደለህም? ያቺ ሳቂታዋ ልጅ ደህና ናት?»

ልዑልቃል እስከ ጆሮው ቀላ። «ደህና ናት መሰለኝ» አለ።

ምሥራቅ ሻዩን ሳትቀምሰው ተነሣች። መኪናው ውስጥ ገብታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ልዑልቃል ሁለት ጊዜ ስሟን ጠራ፤ አልመለሰችለትም። እሱም ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ከተለመደው በላይ እየፈጠነ ነዳ።

ፍጥነቱ ሩቅ አላስኬዳቸውም። አሸዋማው ሜዳ ላይ የኋላ ጎማው መስመጥ ጀመረ። ልዑልቃል ከሺሺንዳ እስከ ቢታ ገነት በጭቃ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ጭቃ ሲይዝህ ነዳጅ ትረግጣለህ። ረገጠ። መኪናው እስከ ሆዱ ገባ። ከዚያ ወርዶ፣ ካፋ ውስጥ እንደሚያደርገው፣ «ቅርንጫፍ ቆርጠን ከጎማው ሥር እንጎዝጉዝ» አለና ዙሪያውን ተመለከተ። ዓይን እስኪደክም ድረስ አንድ ቁጥቋጦ እንኳ የለም።

እትዬ አልጣሽ ጃንጥላቸውን ለፀሐዩ ዘርግተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «መሐንዲስ! ቅርንጫፉን ከቦንጋ ጭነህ መምጣት ነበረብህ እኮ!»

ሁመድ ተንበርክኮ የጎማዎቹን አየር ያስተነፍስ ጀመር። «አሸዋ ኃይል አይወድም። ቀስ ነው የሚወደው» አለ።

በዚህ መሐል ጨው የጫኑ ግመሎች ከሩቅ መጡ። መሪያቸው አንድ ሽማግሌ ነበር። ሁመድ ሥራውን ትቶ ሄደ፤ እጅ ለእጅ ተሳሳሙና ቆመው ማውራት ያዙ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ደግሞ ተራው ይለወጣል። ሲመለስ ምሥራቅ ጠየቀችው።

«ዘመድህ ነው?»

«አላውቀውም። ዳጉ ነው» አላት። «ሰው ከሰው ሲገናኝ ዳጉ ይሰጣል። ከየት መጣህ፣ ማንን አገኘህ፣ ምን ሰማህ። ያላየኸውን አትጨምርም። ያየኸውን አትደብቅም።»

«የደበቀስ?»

«ውሃ የደረቀበትን ጉድጓድ ቢደብቅ ሌላው ሄዶ ይሞታል። ስለዚህ የደበቀ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም።»

ምሥራቅ እጇ ሳታዝዘው ወደ ቦርሳዋ ሄደ። ፖስታው እንዳለ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሙቀቱ ሳይበረታ ዳሎል ወጡ። የተለኮሰ ክብሪት የሚመስል ሽታ ተቀበላቸው። መሬቱ ቢጫ ነው፤ ቢጫው መሐል አረንጓዴ ኩሬ አለ፤ የኩሬው ዳር ዝገት መስሏል። ከሥር የሚፈላው ውሃ እንደ ወጥ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። እትዬ አልጣሽ ቦቲያቸውን ተጫምተው ነበር፤ ለጨዉ ውሃ ከሁሉም የተሻለ ጫማ የእሳቸው ሆነ።

ቦታው ለምሥራቅ ዓይን አላማረም አልልም። ማማሩ ነው ያናደዳት። ከመጽሐፉ መሐል ወስዳ ይዛ የመጣችውን ፎቶግራፍ ከቦርሳዋ አውጥታ ቦታውን መፈለግ ጀመረች። ያ እንጉዳይ የሚመስለው የጨው ቁልል የት ነው? ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ ተመለሰች። ሁመድ ከትከሻዋ በላይ አጮልቆ አየ።

«ይሄ የለም» አላት። «ሟሟ። እዚህ በየዓመቱ ሌላ ነው። ትናንት የፈላው ይደርቃል፣ በሌላ በኩል ይፈላል። የድሮውን የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም።»

ለአፍታ ደስ አላት። ከዚያ ደስታው ባዶ ሆነባት። ዓመት ሙሉ የተጣላችው ቦታ በዓለም ላይ የለም። ከዚያ ሁሉ የቀረው እሷ ቦርሳ ውስጥ ያለው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ልዑልቃል አጠገቧ ቆሞ ፎቶግራፉን አየ። «አንቺ ጋ ነበር? መኖሩንም ረስቼዋለሁ።»

«ዳጉ» አለችው።

«ምን?»

«የሁመድን አልሰማህም? ያየኸውን ሳትደብቅ፣ ያላየኸውን ሳትጨምር ንገረኝ። እዚህ ከእሷ ጋር ምን ነበር?»

ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ አሽከረከረው። እትዬ አልጣሽ ጃንጥላቸውን ይዘው ትንሽ ራቅ አሉ፤ ጆሯቸውን ግን እዚያው ትተውት ነው የሄዱት።

«ወድጃት ነበር» አለ። «እዚሁ ቆመን አግቢኝ አልኳት። ከት ብላ ሳቀች። ክፋት የላትም፤ ብቻ ሳቀች። እኔም የምይዘው ቢጠፋኝ ካሜራውን አንሥቼ ቀጭ አደረግኋት። ያየሽው ሳቅ ያ ነው። ያፈርኩበትን እንዴት ልንገርሽ? ስለ መሬቱ ማውራት ቀለለኝ። አንቺን እዚህ ያመጣሁሽም ለዚህ ነው፤ በተሳቀብኝ ቦታ ላይ የማይስቅብኝ ሰው ላቆም ብዬ።»

ምሥራቅ ፎቶግራፉን እንደገና አየችው። ዓመት ሙሉ የቀናችበት ሳቅ እምቢታ ኖሯል። እዚህ ላይ ብታቅፈው፣ ብታለቅስለት፣ ፖስታውንም እንዳሰበችው ብትቀብረው ማንም አያውቅም ነበር። እሷም አስባዋለች።

«የአንቺስ ዳጉ?» አላት ልዑልቃል ፈገግ ብሎ። ለጨዋታ ነበር ያለው።

ፖስታውን አውጥታ ዘረጋችለት።

«ኅዳር ላይ ነው የመጣው» አለች፤ ድምፅዋ ለራሷም አልሰማ አለ። «ለእኔ ምንም የለም ወይ ስትለኝ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። አልከፈትኩትም። ግን አልሰጠሁህም።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ፖስታውን ገልብጦ አየው፤ ቀደደው፤ ቆሞ አነበበ። ሁለተኛ አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ሰጣት። አጭር ደብዳቤ ነበር።

«ልዑልቃል፣ እንዴት ነህ? ስልክ ብደውል መስመሩ እምቢ አለኝ። እኔ አግብቻለሁ፤ ደህና ነኝ። የምጽፍልህ ለሥራ ነው። ዳሎል አካባቢ ለሁለት ዓመት የማዕድን ጥናት ይጀመራል፤ የመንገድ መሐንዲስ ይፈልጋሉ። አንተ ሁልጊዜ የምትመኘው ነው፤ ስምህን ሰጥቻለሁ። ማስረጃህን እስከ ታኅሣሥ 30 ላክ። ካለፈ ሌላ ሰው ይወስዱበታል።»

የካቲት ገብቷል። ምሥራቅ ወረቀቱን አጥፋ ያዘች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው፤ የቀናችው ባል ባላት ሴት፣ የቀማችው ደግሞ የምትወደውን ሰው ሕልም።

«በጊዜው ቢደርሰኝ…» አለ ልዑልቃል። የሚፈላውን ውሃ እያየ ነበር። «ልዋሽሽ አልችልም። በጊዜው ቢደርሰኝ እሄድ ነበር።»

«መሄድህን ነበር የፈራሁት።»

«ልትጠይቂኝ ትችይ ነበር፣ ምሥራቅ። አትሂድ ልትይኝ ትችይ ነበር። ምርጫውን ግን ከእጄ ወሰድሽው።»

ምሥራቅ ጥቁሩን ክር ከአንገቷ አወለቀችና ቁልፉን ከነክሩ መዳፉ ላይ አስቀመጠች። «ይህን የምይዝ ሰው አይደለሁም» አለች። ልዑልቃል ቁልፉን ኪሱ ከተተ። አትስጪኝ አላላትም።

የመልሱ ጉዞ አራት ቀን ፈጀ። ልዑልቃል ጨዋ ነው፤ በር ይከፍትላታል፣ ውሃ ይገዛላታል፣ «በላሽ ወይ?» ይላታል። ከዚህ ያለፈ ቃል ግን አልወጣውም። እትዬ አልጣሽ ብቻ ከኋላ ሆነው ለሦስት ሰው ያህል አወሩ። ጣሳው ውስጥ ያለው ነጭ ማር በሙቀቱ ቀልጦ ብርድ ልብሳቸውን አበላሽቶት ነበር፤ እሱን ከጅማ እስከ ቦንጋ ረገሙት።

ዓርብ ከሰዓት ቦንጋ ገቡ። ልዑልቃል ዕቃቸውን አውርዶ፣ እጅ ነሥቶ ሄደ። ስለ እሑድ አንድ ነገር አላነሣም።

ምሥራቅ አልጋዋ ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እትዬ አልጣሽ አጠገቧ ተቀመጡ።

«እኛ አገር ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል» አሉ። «ጫካ ውስጥ ዘበኛ የለውም። ረኃብ የጠናበት ሰው እንኳ የሰው ቀፎ አይነካም። አንቺ የሰው ቀፎ አውርደሻል፣ ልጄ። ደግሞ ማሩን እንኳ አልቀመስሽው! ምናለ ከፍተሽ ብታነቢው?»

ምሥራቅ በለቅሶዋ መሐል ሳቀች፤ ከዚያ ይባስ አለቀሰች።

«ይመጣል ብለው ያስባሉ፣ እትዬ?»

«እኔ እንጃ» አሉ ሴትዮዋ።

የቅበላው እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት ለአራት ሰዓት ነው። ጋሽ ባፈና ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ በግ ታርዶ፣ ሣሎኑ ተሰናድቶ ይጠብቃሉ። አራት ሰዓት አለፈ። አምስት ሆነ። ምሥራቅ ጓዳ ተቀምጣ የጣሪያውን ቆርቆሮ ስታዳምጥ፣ ዛሬ የምትቀናው በማንም አልነበረም። ያኔ ደብዳቤውን ባልደበቀችው በዚያች ሌላዋ ምሥራቅ ብቻ ቀናች።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የበሩ ውሻ ጮኸ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ለብሶ ገቡ። የሚመሯቸው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ገብረወልድ ናቸው።

«ዘገየን፣ ይቅርታ» አሉ። «የዘገየነው በጭቃው አይደለም። ልጁ ሁለት ሰዓት ያህል ቤቱ አስቀመጠን። ተነሡ ይለናል፣ ደግሞ ትንሽ ቆዩ ይለናል። በመጨረሻ፣ ከሌላው ነገር በፊት ይህን አስቀድሙልኝ ብሎ ሰጠን።»

ጓዳ ድረስ ተሰማ። ትንሽ ብረት እንጨት ጠረጴዛ ላይ ሲያርፍ ቃ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ባፈና። «ቁልፍ?»

«እኛም ጠይቀነው ነበር። ጥሎሽ አይተናል፣ ቀለበት አይተናል፤ ቁልፍ ግን አላየንም። እሷ ታውቀዋለች አለን።»

ምሥራቅ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እትዬ አልጣሽ ጎኗን በክርናቸው ጎሸም አደረጓት።

«ሌላም ቃል አለው» ቀጠሉ ጋሽ ገብረወልድ፣ ግራ እንደገባቸው። «ነገ ሰኞ ነው፣ ፖስታ ቤት ትወርዳለች፤ የእኔ ደብዳቤ ካለ ከማንም በፊት ታምጣልኝ፤ አብረን እንከፍተዋለን ብሏል። እንግዲህ ይህን ካደረስን፣ ወደ መጣንበት ጉዳይ እንግባ። ልጃችሁን ለልጃችን…»

የቀረውን ምሥራቅ አልሰማችውም። እትዬ አልጣሽ ሣሎን ገብተው ቁልፉን ይዘውላት ተመለሱ፤ ጥቁሩ ክር ላይ የዳሎል ጨው ደርቆ ነጭ ሆኗል። ሳታጥበው አንገቷ ላይ አሰረችው።